ጌሾ ያነሰው ጠጅ
‹‹ትሬዞር›› የተባለውን የሴቶች ሽቶ ተቀብተን የሰጠነው አስተያየት



በዚህ ገጽ ላይ ብዙውን ጊዜ አስተያየት የምንሰጠው ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ዘፈን ወይም ስለ ቲያትር ነው። በዚህ እትም ግን ከልማዳችን ወጣ ብለን ስለ አንድ ሽቶ እንጽፋለን። ‹‹ሽቶም ሂስ ይሰጥበታል ወይ?›› የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሳችን አዎን ነው። ሽቶም እንደ ዜማ ደራሲ አለው፤ መነሻ፣ መካከልና ማብቂያም አለው። ከዘፈን የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ዘፈን ያልወደደ ሰው ሬዲዮኑን ይዘጋል፤ በአውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠችውን ሴት ሽቶ ያልወደደ ሰው ግን እስኪወርድ ድረስ ችሎ ከመቀመጥ በቀር ሌላ ምርጫ የለውም። እንግዲያው ሽቶ የምትቀባው ሴት ብቻ ሳይሆን አብሯት የሚውለውም ሰው ጉዳይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት እናት ቡፌ ውስጥ ነው። በማኅበራችን ቡና እየጠጣን የምንሰበሰብ ሴቶች አለን። ከመካከላችን ለአንደኛዋ እናት፣ ልጃቸው የሠራዊት አገልግሎቷን ጨርሳ ሥራ በያዘች ጊዜ በመጀመሪያ ደመወዟ አንድ ጠርሙስ ሽቶ ገዝታ ሰጠቻቸው። እናትየዋ መርቀው ተቀበሏት። ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ከስኒዎቹ ጀርባ አስቀመጡት። ፋሲካ አለፈ፤ ስግድ አለፈ፤ የዘመድ ሠርግም አለፈ፤ ጠርሙሱ ግን አልተከፈተም። ‹‹እማማ፣ ምነው አይቀቡትም?›› ብለን ብንጠይቃቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ ‹‹ልጄ ይህን ያመጣችልኝ እንዳውድ ነው ወይስ እንዳልሸት?›› አሉን።

በዚያ ቀን ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠ አልነበረም። ልጅቷም አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር፤ አንገቷን ደፋች። እኛም ነገሩን በዝምታ ከማለፍ ይልቅ ሽቶውን ራሱን መመርመር ይሻላል አልን። እናትየዋም፣ ‹‹ጠርሙሱ ይከፈት፤ እኔ ግን አያለሁ እንጂ አልቀባም›› ብለው ፈቀዱ። ስለዚህ አምስት ሆነን፣ ማለትም አንዲት አያት፣ ሦስት እናቶችና ያቺው ሽቶውን የገዛች ልጅ፣ ለሁለት ሳምንት ተቀባነው። ከዚህ በታች የምታነቡት የዚያ ፍሬ ነው።

ሽቶው ከየት መጣ?

‹‹ትሬዞር›› የፈረንሳይኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ውድ ሀብት ማለት ነው። የሚሠራው ላንኮም የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። ኩባንያው በ1935 ተቋቋመ፤ ከ1964 ወዲህ ደግሞ የሎሬያል ንብረት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ላንኮም በ1952ም በዚሁ ስም ሌላ ሽቶ አውጥቶ ነበር። እኛ የምንናገረው በ1990 ስለ ወጣውና ዛሬም በየሱቁ ስለሚገኘው ነው። ብዙዎቻችን በዘመቻ ሰሎሞን የመጣነው በግንቦት 1991 ስለሆነ ሽቶው ለዚህች አገር ኑሯችን እኩያ ነው ማለት ይቻላል።

ጠርሙሱ ተገልብጦ በጫፉ የቆመ ፒራሚድ ይመስላል። ፈሳሹ የበሰለ ኮክ ወይም በዚህ አገር ሚሽሚሽ የምንለውን ፍሬ ቀለም ይዟል። በወጣበት ጊዜ በማስታወቂያው ላይ የታየችው ታዋቂዋ ተዋናይ ኢዛቤላ ሮሴሊኒ ነበረች። ጠርሙስና ፎቶግራፍ ግን ሽቶ አይሆኑም፤ እኛን ይበልጥ የሳበን የደራሲዋ ታሪክ ነው።

ሽቶውን ያቀናበሩት ወይዘሮ ሶፊያ ግሮይስማን ይባላሉ። የተወለዱት በ1945 በቤላሩስ ነው። ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ፖላንድ ሄዱ፤ እዚያ ኬሚስትሪ ተማሩ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። በኒውዮርክ በአንድ ትልቅ የሽቶ ቅመም አምራች ኩባንያ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ሆነው ጀምረው፣ በዘመናቸው ስመ ጥር ከሆኑት ሽቶ ቀማሚዎች አንዷ ለመሆን በቁ። በ1978 የወጣው ‹‹ዋይት ሊነን››፣ በ1983 የወጣው ‹‹ፓሪስ›› እና በ1988 የወጣው ‹‹ኢተርኒቲ›› የእሳቸው ሥራዎች ናቸው።

ይህን የምንጽፈው ለጌጥ አይደለም። ኡልፓን ገብተን ቋንቋ ስንለምድ ምላሳችን ይተሳሰራል፤ አፍንጫችን ግን ትርጉም አያስፈልገውም፤ ከአውሮፕላን በወረድንበት ቀን ሥራውን ይጀምራል። አንዲት ስደተኛ ሴት በአፍንጫዋ እንጀራዋን አብስላ መኖሯ፣ ሥራዋም አገር ለአገር መዞሩ፣ ልጆቻችን ሊሰሙት የሚገባ ታሪክ ነው እንላለን።

መዓዛው እንዴት ነው?

አብዛኛው ሽቶ ሲረጭ መጀመሪያ የሚወጣው የሎሚ ወይም የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ቀለል ያለ ሽታ ነው። እርሱ በሩብ ሰዓት ውስጥ ይተናል። ቀጥሎ አበባው ይመጣል፤ ከብዙ ሰዓት በኋላ ደግሞ እንጨቱ፣ ሙጫውና ምስኩ በቆዳ ላይ ይቀራሉ። በሱቅ ውስጥ በወረቀት ቁራጭ ላይ ረጭተው የሚሰጡን ያንን የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ነው። ገንዘባችንን ከፍለን ቤታችን ስንገባ አብሮን የሚውለው ግን ሌላው ነው። ብዙ ሴት ‹‹ሱቅ ውስጥ እንዲህ አልነበረም›› ብላ የምታዝነው በዚህ ምክንያት ነው።

ትሬዞር በዚህ በኩል ቃሉን የሚጠብቅ ሽቶ ነው። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጽጌረዳና ኮክ አንድ ላይ ይመጣሉ። ከኋላቸው ሄልዮትሮፕ የተባለው አበባ አለ፤ የእርሱ መዓዛ በዚህ አገር ሽኬድ የሚሉት ለውዝ ከቫኒላ ጋር ተደባልቆ የተጋገረ ይመስላል። ወደ ማታ ሲሆን ጽጌረዳው ይለዝባል፤ ቫኒላውና የሰንደል እንጨቱ ይበረታሉ። ሆኖም ጠዋት የሸተተውና ማታ የሸተተው የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ጠዋት አንድ መልክ አሳይቶ ማታ በሌላ መልክ የሚመጣ ሽቶ አይደለም።

ስለ አሠራሩም ጥቂት እንበል። ከኮክ ፍሬ እንደ ሎሚ ልጣጭ ተጨምቆ ለሽቶ የሚሆን ዘይት አይገኝም። የኮክ መዓዛ የሚዘጋጀው በላቦራቶሪ ነው፤ ለዚህ የሚያገለግለው ቅመም የታወቀው በ1908 ነው። ከጽጌረዳ ዘይት ይወጣል፤ ነገር ግን አንድ ኪሎ ለማግኘት 3,000 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ የአበባ ቅጠል ይፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ ሽቶ የተባለ ሁሉ ማለት ይቻላል የአበባ ዘይትና የላቦራቶሪ ቅመም ድብልቅ ነው። በሽቶ ሥራ ሰዎች ዘንድ ትሬዞር የታወቀበት ነገርም ይኸው ነው፤ አብዛኛው የቅመሙ ክፍል በአራት የላቦራቶሪ ቅመሞች የተያዘ ነው። እነርሱም ያስሚን የሚያስታውሰው ሄዲዮን፣ ደረቅ እንጨት የሚመስለው ኢሶ ኢ ሱፐር፣ የቫዮሌትና የአይሪስ አበባ ጠባይ ያለው ሜቲል አዮኖን፣ እንዲሁም ጋላክሶላይድ የተባለው ምስክ ናቸው።

ይህ ጋላክሶላይድ የሚባለው በልብስ ሳሙናና በልብስ ማለስለሻ ውስጥም ስለሚጨመር አፍንጫችን ‹‹ታጥቦ የተሰጣ ልብስ›› ብሎ ያውቀዋል። ደግሞም አንዳንድ ሰው ከተፈጥሮው ይህን ምስክ አይሸተውም። ከእኛም አንደኛዋ እናት፣ ‹‹ከቀትር በኋላ ምንም የለም፤ ጠፋ›› ስትል ሌሎቻችን ክፍሉ ሞልቶ ይሸተን ነበር። ምክንያቱን ካወቅን በኋላ መከራከራችንን ትተን፣ ‹‹ለአንቺ ቢጠፋም ለእኛ አልጠፋም፤ አትጨምሪ›› አልናት።

በየቦታው ስንቀባው

የመጀመሪያው ፈተና ሙቀት ነበር። ጎንደር ብርድ ላይ ያደገ ሰው ጣፋጭ ሽታ ቢጨምር ነፋሱ ይወስድለታል። እዚህ ግን ሸራቭ በነፈሰ ቀን፣ መስኮቱ በተዘጋ አውቶቡስ ውስጥ፣ የትሬዞር ኮክ ፀሐይ ላይ የተረሳ ማርማላታ ሆነ። ሦስት ጊዜ ረጭታ የወጣችው እናት ራሷን አሞት ሁለት ፌርማታ ቀድማ ወረደች። በማግስቱ አንድ ጊዜ ብቻ ረጭታ ወጣች፤ አጠገቧ የተቀመጠች የማታውቃት ሴት ‹‹ምን ተቀባሽ?›› ብላ ስሙን ጠየቀቻት። ሽቶው አንድ፣ አውቶቡሱም አንድ፤ የተለየው መጠኑ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ፈተና የሥራ ቦታ ነበር። ከእኛ አንዷ አረጋውያንን ትረዳለች። በመጀመሪያው ቀን ያነሣቻቸው አሮጊት፣ ‹‹ዛሬ በዓል በዓል ትሸቻለሽ›› ብለው እጇን ሳሟት። በሁለተኛው ቀን ግን አስም ያለባቸው አንድ ሽማግሌ ሳል ያዛቸውና ወደ ሌላ ክፍል መወሰድ ነበረባቸው። የመረቋት አሮጊትም ያሳሉት ሽማግሌም እውነታቸውን ነው። እርሷም ከዚያ ወዲህ ወደ ሥራ ስትሄድ ላለመቀባት ወሰነች፤ እኛም ውሳኔዋ ትክክል ነው እንላለን። በኩፓት ሆሊም፣ በሕመምተኛ ቤትና ሕፃን ባለበት ቦታም እንዲሁ። ለቅሶ ቤት ሽቶ ተቀብቶ አለመሄድ ደግሞ ማንም ሊነግረን የማይገባ ነው።

ሦስተኛው ፈተና ሠርግ ነበር፤ እዚህ ሽቶው አሸነፈ። ጭፈራው ሲሞቅ፣ ዘመድ ከዘመድ አንገት ለአንገት ሲተቃቀፍ፣ ትሬዞር የተሠራበት ምክንያት ገባን። ከሩቅ ሲሸት ይከብዳል፤ በእቅፍ ርቀት ሲሸት ግን ልክ ነው። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስሞ ለሚገናኝ ሕዝብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ስሕተትም ተምረናል። ልጅቷ ቀሚሷ ላይ ረጭታ ስለነበር ቀለም ያለው ፈሳሽ በነጩ ሸማ ላይ ምልክት ጥሎ ቀረ። ሽቶ ለቆዳ ነው፤ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ላይ አይረጭም።

ጌሾ የት አለ?

እስካሁን ካነበባችሁት ሽቶውን የወደድነው ይመስላችሁ ይሆናል፤ በእርግጥም ወደነዋል። ቅሬታችንን ግን አንደብቅም። ቅሬታውንም በጥሩ ቃል ያስቀመጡልን አያታችን ናቸው። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ የእጃቸውን ጀርባ እያሸተቱ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ ‹‹ደግ ነው፤ ግን ማር ብቻ ነው። ጌሾው የት አለ?›› አሉ።

ነገሩን ለልጆቻችን እናስረዳ። ማርና ውኃ ብቻ ቢበጠበጥ የሚሆነው ብርዝ ነው። ብርዝ ይጣፍጣል፤ ሕፃን ይጠጣዋል፤ ሁለተኛ ብርሌ ላይ ግን ይሰለቻል። ጠጅ እንዲሆን ጌሾ ይገባበታል። ጌሾ መራራ ነው። ማሩን አያጠፋውም፤ ልክ ያስይዘዋል እንጂ። አያታችን ይህንኑ ስለ ጠጉር ቅቤ ነገሩን። ቅቤ ብቻውን ይከብዳል፤ ስለዚህ አደስ ይጨመርበታል። የአደስ ቅጠል የሚሸተው አረንጓዴና መረር ያለ ስለሆነ ቅቤውን ያነሣዋል። አሪቲም ቢሆን፣ ጠጅ ሳርም ቢሆን፣ ከርቤም ቢሆን መዓዛቸው ውስጥ ጥቂት የሚኮሰኩስ ነገር አላቸው። በደጋው አጥር ላይ የሚያብበው ነጩ ቀጋ እንኳ መዓዛው ስስ ነው፤ እሾኹም አብሮት ነው።

በዚህ ሚዛን ስንመዝነው ትሬዞር ጌሾ ያነሰው ጠጅ ነው። ጌሾ ጨርሶ የለውም አንልም፤ የእንጨቱና የአይሪሱ ደረቅነት ብርዝ ከመሆን አድኖታል። ነገር ግን ኮኩ፣ ቫኒላውና ሄልዮትሮፑ ሦስቱም ወደ አንድ ወገን ይጎትታሉ። ጽጌረዳው እሾኹን ተነቅሏል። በመጀመሪያው ሰዓት ያስደሰተን ጣፋጭነት በስድስተኛው ሰዓት ‹‹እስቲ ትንሽ ረፍ በል›› የሚያሰኝ ነው። ከእኛ አንዷ እናት በ1990ዎቹ በስጦታ ያገኘችውን አስታውሳ፣ ‹‹የዚያን ጊዜው ከዛሬው ይከብድ ነበር›› ብላናለች። ከዚያ ወዲህ ለቆዳ አለርጂ ምክንያት ናቸው የተባሉ ቅመሞች በአውሮፓ እየተከለከሉ ወይም መጠናቸው እየተቀነሰ መጥተዋል፤ ለምሳሌ ሊራል የተባለው የአበባ ቅመም ከ2021 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ገበያ ላይ እንዳይውል ተከልክሏል። የድሮ ሽቶ በድሮ ስሙ ቢሸጥም በውስጡ የሚለወጥ ነገር እንዳለ ገዢ ማወቅ አለባት።

ደግሞ እኛ ለመፍረድ ባዕድ አይደለንም። ከጥርኝ የሚወጣው የኢትዮጵያ ዝባድ በከብት ቀንድ እየታሸገ ለፈረንሳይ ሽቶ ቀማሚዎች ሲላክ ኖሯል። ዛሬ አብዛኛው ኩባንያ በላቦራቶሪ ቅመም ተክቶታል። የእናቶቻችን እጅ የሚያውቀው የመዓዛ ሙያ በሱቅ መስታወት ውስጥ ካለው የሚያንስ አይደለም ለማለት ያህል ነው።

ውኃና ሽቶ

አሁን ወደ እናትየዋ ጥያቄ እንመለስ፤ ‹‹እንዳውድ ነው ወይስ እንዳልሸት?››

ትልልቆቻችን እንደሚነግሩን፣ በአገር ቤት ጎረቤቶቻችን ‹‹እነርሱ ውኃ ውኃ ይሸታሉ›› ይሉን ነበር። ከገበያ ስንመለስ መታጠብ፣ ከመርገም ጎጆ ስንወጣ መታጠብ፣ ሰንበት ሊገባ ሲል ወንዝ ወርዶ መታጠብ ሥርዓታችን ስለነበረ ነው። ሲሰድቡንም ሲያከብሩንም የሚጠቅሱት ውኃችንን ነበር። ንጽሕናችን የሚታወቀው በጠርሙስ ሳይሆን በወንዝ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ስንደርስ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ትንሽ አፓርታማ፣ የተዘጋ መስኮት፣ አንድ ደረጃ የሚጋሩ ብዙ ቤቶች። ሽንኩርቱ ሲቁላላ፣ በርበሬው ሲገባ፣ ለቡናው እጣን ሲጨስ፣ ሽታው መጋረጃው ላይና በር ላይ የተሰቀለው ካፖርት ላይ ይቀራል። ሰውነቱ ንጹሕ ነው፤ ካፖርቱ ግን የወጥ ቤቱን ወሬ ይዞ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ከዚያም አንድ ሰው አንድ ቃል ይናገራል። ያ ቃል ከጆሮ አይወጣም።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ልጅቷ ራሷ መልሱን ሰጠችን። ‹‹ትምህርት ቤት ሳለሁ አንዲት ልጅ ከአጠገቤ ተነሥታ ወንበር ቀየረች፤ ለምን እንደሆነም ጮክ ብላ ተናገረች። ያን ቀን እማዬን ተቆጣሁ። ሽቶውን ስገዛ ሁለቱም በልቤ ነበሩ፤ ደስ እንዲላትም፣ እንዳትሸትም›› አለች። እናትየዋ ይህን ሲሰሙ አልተቆጡም። ‹‹አውቄዋለሁ›› ብቻ አሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ፍርድ እዚህ ላይ ነው። ሽቶ ለማፈሪያ መሸፈኛ ሲሆን መጥፎ ሽቶ ይሆናል፤ የተሠራው በማንም እጅ ቢሆን። ለመሸፈን የሚቀባ ሰው ሁልጊዜ ያበዛል። ምክንያቱም አፍንጫ የራሱን ሽታ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይለምደውና መሽተቱን ያቆማል፤ ሰውየው ግን ሽቶው ያለቀ መስሎት ይጨምራል። በወጥ ሽታ ላይ የተረጨ ጣፋጭ ሽቶ ደግሞ ወጡን አያጠፋውም፤ ሁለቱ ተዳብለው ከሁለቱም የከፋ ሦስተኛ ሽታ ይሆናሉ። ለካፖርት ሽታ መድኃኒቱ ካፖርቱን ከወጥ ቤት አርቆ በተዘጋ ቁም ሣጥን መስቀል፣ ወጥ ሲሠራ መስኮት መክፈትና ልብስን ማናፈስ ነው። ለሰው ክፉ ቃል ደግሞ መድኃኒቱ ሽቶ አይደለም። ልጆቻችን በቤታቸው ሽታ እንዳያፍሩ ስለ አደስ፣ ስለ እጣንና ስለ ውኃችን መንገር የእኛ የወላጆች ሥራ ነው።

ለደስታ የተቀባ ጊዜ ግን ትሬዞር እውነተኛ ሥራ ነው። እጁ የሞላ፣ ሞቅ ያለ፣ የማያስመስል። ለእቅፍ የተሠራ ነው። ጉድለቱ እረፍት የሌለው ጣፋጭነቱ ነው፤ ጉድለቱን የሚያርመው ደግሞ የምትቀባው ሴት እጅ ነው። ማሩን እርሱ ይዞ መጥቷል፤ ጌሾውን እኛ በመጠን እንጨምርበታለን።

ለመግዛት ላሰቡ

ሀ. በወረቀት ላይ አሽትታችሁ አትወስኑ። በእጃችሁ አንጓ ላይ አንድ ጊዜ አስረጭታችሁ ከሱቁ ውጡ፤ ማታ ቤታችሁ ሆናችሁ አሽቱት። ያን ጊዜም ከወደዳችሁት በማግስቱ ግዙ። ሻጭዋ ብትቸኩል እናንተ አትቸኩሉ።

ለ. ቆዳችሁ በቀላሉ የሚቆጣ ከሆነ በትንሽ ቦታ ሞክሩ፤ ቢያሳክክ ወይም ቢቀላ ታጠቡትና ተዉት።

ሐ. ስሙን በደንብ አንብቡ። ‹‹ትሬዞር›› የሚል ቃል ያለባቸው ሌሎች ሽቶዎችም አሉ፤ ለምሳሌ ‹‹ትሬዞር ኢን ላቭ›› በ2010፣ ‹‹ላ ኑዊ ትሬዞር›› በ2015 ወጥተዋል። መዓዛቸው ሌላ ነው። የዕብራይስጡን ገጽ የሚያነቡ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ መለያውን ያነቡላችኋል።

መ. በገበያ ጠረጴዛ ላይ በጣም በረከሰ ዋጋ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የተመሰለ ነው። ከአስመሳይ ትልቅ ጠርሙስ ከታወቀ ሱቅ ትንሽ ጠርሙስ ይሻላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ለሚረጭ ሽቶ ትንሹ ጠርሙስ ዓመት ያስኬዳል።

ሠ. ሽቶ ብርሃንና ሙቀት ያበላሹታል። መታጠቢያ ቤት ውስጥና መስኮት ላይ አታስቀምጡት። የእናትየዋ ቡፌ በዚህ በኩል ጥሩ ቦታ ነበር።

በመጨረሻም ያ ጠርሙስ የት እንደደረሰ እንንገራችሁ። ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ቤቱ ተጠርጎ፣ ዳቦው ወጥቶ፣ እናትየዋ ታጥበው ነጭ ልብሳቸውን ከመልበሳቸው በፊት ልጃቸውን ጠርተው አንገታቸው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አስረጩ። ልጅቷ ሁለተኛ ልትረጭ ስትል እጇን ያዟትና፣ ‹‹ይበቃል። ለመዓዛው ተቀብዬሻለሁ፤ ላለመሽተት ግን ውኃ አለኝ›› አሏት።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ? ከአገር ቤት የማይረሳችሁን መዓዛ፣ እዚህ የወደዳችሁትን ወይም የጠላችሁትን ሽቶ፣ በአማርኛም ይሁን በዕብራይስጥ ጽፋችሁ ወደ ማኅበራችን ብትልኩልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። ሰላም ሁኑ።